ፋይሉ ውስጥ የከተትኩት ካርድ

ሥራ ያቆምኩበት አርብ ዕለት ጠዋት የቢሮው ስልክ ጮኸ። አንስቼ "ሄሎ" ከማለቴ ድምፁን የማላውቀው ሰው፣ "እትዬ አሰለፈች ነዎት? አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ሜሪላንድ ውስጥ ሐሺሽ ሕጋዊ ነው አይደል?" አለኝ።

"ግሪን ካርድ ነው ያለህ ወይስ ሲቲዝን ነህ?"

"ግሪን ካርድ።"

"እንግዲያው ጠበቃዋን አገናኝሃለሁ። እኔ አልመልስልህም።"

መስመሩን አሻገርኩና ወንበሬን ደገፍ ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰኞ ይህን ስልክ የሚያነሳው ሌላ ሰው ነው። ከተገዛልኝ ኬክም ሆነ ሁሉም ከፈረሙበት ካርድ ይልቅ ያስደሰተኝ ይኸው ነበር። ለዚህ ጥያቄ አንድ ጊዜ በድፍረት መልሼ የደረሰውን አይቻለሁና ስለ እሱ ልጻፍ።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የጠበቃ ረዳት ነበርኩ፤ ፎርም እሞላለሁ፣ ወረቀት እተረጉማለሁ፣ ፋይል አዘጋጃለሁ። ወደ ሥራው የገባሁት ዲሲ፣ አዳምስ ሞርጋን ሰፈር፣ ሬስቶራንት ውስጥ ትሪ ስሸከም ጉልበቴ አልችል ብሎኝ ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ ካለች አንዲት የኢሚግሬሽን ቢሮ አማርኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ይፈለጋል ሲሉ ሄድኩ። ደመወዙ ከሬስቶራንቱ ቲፕ ያንስ ነበር፤ ግን ወንበር ነበረው።

እዚያ ያገኘኋቸው ጋሽ ለማ ናቸው። አገር ቤት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ እዚህ ደግሞ የቢሮው አንጋፋ ረዳት። ቀጭን፣ ሁልጊዜ ሹራብ የሚለብሱ፣ ሻይ ሳይሆን ትኩስ ውሃ የሚጠጡ ሰው ናቸው። እንግሊዝኛቸው ከእኔ ያነሰ ነበር፤ ፋይላቸው ግን ጎደለው ተብሎ ተመልሶ አያውቅም።

አንድን ፎርም ሞልተው ሲጨርሱ ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው እያነበቡ ይመለሳሉ። "ከላይ ወደ ታች ስታነቢ ያሰብሽውን ነው የምታነቢው። ከታች ወደ ላይ ስታነቢ የጻፍሽውን ታነቢያለሽ" ይሉኝ ነበር። ፋይሉ ሲያልቅ መዳፋቸው ላይ አድርገው ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። ከከበዳቸው ይከፍቱና ወረቀት መቀነስ ይጀምራሉ። የኛ ሰው በተቃራኒው ነው። ቀበሌ "አሟልተህ ና" እየተባለ ያደገ ሰው፣ ቢሮ በሄደ ቁጥር ማኅተም ያለበትን ሁሉ ተሸክሞ ይሄዳል፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ የክትባት ደብተር። ጋሽ ለማ በትሕትና ተቀብለው፣ አንድ በአንድ አይተው፣ አብዛኛውን ለባለቤቱ ይመልሱለታል። "እዚህ አገር ያልተጠየቀ ወረቀት ያልተጠየቀ ጥያቄ ይወልዳል" የሚሏት ነገር ነበረቻቸው።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በእያንዳንዱ ፋይል ሽፋን ውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ በእርሳስ በአማርኛ ባለጉዳዩ ምን እንደሚፈራ ይጽፋሉ። "ልጁ ሃያ አንድ ሊሞላት ነው፣ ከማመልከቻው ልትወጣ ነው" ወይም "ለባሏ አልነገረችውም" የሚል። ጉዳዩ ሲያልቅ በላጲስ ያጠፉታል። "ኬዙን ብቻ የምታውቂ ከሆነ ወረቀት ታገላብጫለሽ። ፍርሃቱን ካወቅሽ ትጠነቀቂለታለሽ" አሉኝ አንድ ቀን፣ ለምን እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው። እኔም ለመድኩ።

እሳቸው ጡረታ ወጥተው ሜሪላንድ፣ ጀርመንታውን የምትባል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ፣ እኔ ደግሞ እዚያው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ካረን የምትባል ጠበቃ ዘንድ ተቀጠርኩ። ካረን ደግ ሴት ናት፤ ቁጣዋ እንኳ በጥያቄ መልክ ነው የሚመጣው። ቨርጂኒያ፣ ላንድማርክ ያለውን መኖሪያዬን ስላልለቀቅሁ በየቀኑ ከዲሲ የሚለየንን ወንዝ እሻገር ነበር። የሐሺሽ ሕጉ መላላት ሲጀምር ይህ መንገድ ራሱ ትምህርት ቤት ሆነልኝ። ጠዋት ከቤቴ ስነሳ ቨርጂኒያ ነኝ፤ እዚያ አዋቂ ሰው ጥቂት መያዝ፣ በቤቱም ጥቂት ተክል ማብቀል ይችላል፣ ለመዝናኛ የሚሸጥ ሱቅ ግን እኔ ጡረታ እስከወጣሁ ድረስ አልተከፈተም። ዲሲ ስገባ መያዝም ለወዳጅ መስጠትም ይቻላል፣ መሸጥ ግን ከሕክምናው በቀር ክልክል ነው። ሜሪላንድ ስደርስ ደግሞ መታወቂያ አሳይቶ እንደ ጫማ ይገዛል። ከሜሪላንድ የገዛውን ይዞ ድልድዩን የተሻገረ ሰው በፌዴራል ሕግ ጥፋተኛ ነው። በወንዙ ዳር ያለው መናፈሻም የፌዴራል መሬት ስለሆነ የስቴቱ ፈቃድ እዚያ አይሠራም። ልጄ ይህን ስነግራት "ማሚ፣ ሪላክስ፣ ኢትስ ሊጋል" ትለኛለች። እሷ እዚህ ስለተወለደች ልክ ናት። ዜግነት ለሌለው ሰው ግን ከሦስቱም በላይ የሚያየው አንድ ሕግ አለ፤ የግሪን ካርዱም የዜግነቱም ባለቤት የፌዴራሉ መንግሥት ነው፣ እሱ ደግሞ ፈቅጃለሁ አላለም።

ይህን ሁሉ ዛሬ በቃሌ የምለው ነው። ካሳሁን የመጣ ጊዜ ግን አላውቀውም ነበር፤ ወይም የማውቅ መስሎኝ ነበር፣ ይህ ይብሳል።

ካሳሁን ያን ጊዜ አርባ ገደማ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አረጋውያንን ወደ ሐኪም የሚያመላልስ ቫን ይነዳል። አንድ ቀን ከባድ ሰው ሲያነሳ የወገቡ ዲስክ ተንሸራተተ፤ ከዚያ ወዲህ ቀጥ ብሎ መተኛት አቃተው። ሐኪሙ የሚያደነዝዘውን ኪኒን ፈርቶ፣ ያኔ ሜሪላንድ ለሕክምና ብቻ ፈቅዳ ነበርና፣ ካናቢስ፣ ማለትም ያንኑ ሐሺሽ በጠብታ መልክ ጻፈለት። ስቴቱም ፎቶው ያለበት ካርድ ሰጠው። ካሳሁን ከሥራ መልስ ከምላሱ ሥር ጠብታውን አድርጎ ይተኛል። ሲጋራ እንኳ አጭሶ የማያውቅ ሰው ነው።

ወደ እኛ የመጣው ዜግነት ለማመልከት ነው። ምክንያቱ እናቱ ናቸው፤ እማማ የሺ። ደሴ ነው የሚኖሩት፤ አንድ ልጃቸው እሱ ነው። ዓይናቸው ግላኮማ ይዞት እየጠበበ ነበር። ካሳሁን የዜግነቱን ጉዳይ ቶሎ ጨርሶ ሊሄድ፣ ሳይታወሩ ፊቱን ሊያሳያቸው፣ ሐኪም ቤትም ይዟቸው ሊዞር ነው ሐሳቡ። በፋይሉ ሽፋን ጥግ "የእናቱ ዓይን" ብዬ በእርሳስ ጻፍኩ።

ፎርሙ ላይ "ሳይያዙበት የቀረ ወንጀል ፈጽመው ያውቃሉ?" የሚል ጥያቄ አለ። ካሳሁን እዚያ ላይ ቆም አለ።

"እትዬ፣ ያ መድኃኒትስ?"

"ሐኪም ያዘዘልህ?"

"አዎ።"

"ስቴቱ ራሱ ፎቶህን አንስቶ ካርድ ሰጥቶህ፣ ምኑ ነው ወንጀል? እንዲያውም ካርዱን ኮፒ አድርገን እናስገባዋለን። በሕግ የምትሄድ ሰው መሆንህን ያያሉ።"

ያን ቀን ካረን ፍርድ ቤት ነበረች። ማታ ልጠይቃት እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። የመንግሥት ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይቼ ልቤ ቀለጠ፤ ጋሽ ለማ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩኝ ነገር ቀበሌ ያስተማረኝን አላሸነፈውም። ኮፒውን ከግሪን ካርዱና ከመንጃ ፈቃዱ ኮፒ አስከትዬ ከተትኩት። ዋናውንም ኢንተርቪው ቀን ይዘህ ሂድ አልኩት። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል፤ ለእኔ የተባለ ነው የሚመስለው።

ካሳሁን ባልቲሞር ኢንተርቪው የሄደ ቀን ሰዓት እያየሁ ዋልኩ። ቀላል ኬዝ ስለመሰለን ካረን አብራው አልሄደችም። ከሰዓት በኋላ ኮል አደረገኝ።

"እትዬ፣ የእንግሊዝኛውንም የታሪኩንም ፈተና አለፍኩ።"

"እልልል!"

"ቆይ እትዬ። ካርዶቼን ሁሉ ደርድሬ ሳሳየው፣ ሰውዬው ያቺን አነሳና 'ይህ ያንተ ነው?' አለኝ። 'የስ ሰር' አልኩት። 'ትጠቀማለህ?' አለኝ። 'የስ ሰር፣ ኤቭሪ ናይት' አልኩት። ከዚያ ብዙ ጻፈ። ሌላ ወረቀት ላይም አስፈረመኝ። ደግ ሰው ነው፣ አልተቆጣም። ግን እትዬ፣ ፊቱ ተለወጠ።"

ካረን ስትመለስ ነገርኳት። ኮቷን ሳታወልቅ ፋይሉን ከፈተች፣ ኮፒዋን አወጣች፣ ረጅም ጊዜ አየቻት።

"አሲ፣ ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለችኝ።

መልሴን ሳትጠብቅ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ስቴቱ "እኔ አልቀጣህም" ሊል ይችላል እንጂ "በፌዴራሉ ዘንድም ንጹሕ ነህ" ሊል አይችልም። የሐኪም ትዕዛዝም ይህን አያድንም። አንድ ጊዜ ትንሽ ይዞ ለተገኘ ሰው ማለፊያ አለ፤ በየቀኑ እጠቀማለሁ ብሎ በመሐላ ለፈረመ ግን የለም። ካርዷን በመደበቅም የሚድን ነገር አልነበረም፤ በመሐላ ከተጠየቀ መዋሸት የባሰ ነው። ማድረግ የነበረብን ሳናመለክት በፊት ማቆም፣ ሌላ ሕክምና መፈለግ፣ ጊዜ መጠበቅ ነበር። እኔ ግን አንድ ምሽት ሳልጠብቅ መለስኩለት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ ደግሞ ያፈሰስኩት የሰው ነው።

የእምቢታው ደብዳቤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መጣ። ካረን ካሳሁንን ጠርታ ሦስት ነገር ነገረችው። መድኃኒቱን ከዛሬ ጀምሮ እርግፍ አድርገህ ተው። አምስት ዓመት ንጹሕ ሆነህ ቆይተህ እንደገና እናመለክታለን። እስከዚያ ከአሜሪካ እንዳትወጣ፤ የፈረምከው ቃል መዝገብ ላይ ስላለ ስትመለስ ኤርፖርት ላይ ሊያግዱህ ይችላሉ።

የመጨረሻውን እኔ ነኝ የተረጎምኩለት፤ እንግሊዝኛው ገብቶት ነበር፣ ግን በአማርኛ እንዲነገረው ፈለገ።

"አምስት ዓመት እናቴን አላይም ማለት ነው?"

"ማለት ነው።"

ካረን ስትወጣ ነገርኩት። "ካሳሁን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አንተ ጠይቀኸኝ ነበር። ጠበቃዋን ሳላማክር የመለስኩልህም፣ ካርዱን የከተትኩትም እኔ ነኝ።" እንዲጮህብኝ ነበር የፈለግኩት። ቢጮህብኝ ይቀለኝ ነበር።

"እትዬ፣ እርስዎ ባያስገቡት እኔ አስገባው ነበር" አለኝ። "አንዲት ወረቀት ጎደለ ተብሎ ስንቴ ከቢሮ ተመልሻለሁ።" ቆቡን አድርጎ፣ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ጀርመንታውን ሄጄ ጋሽ ለማ ፊት ተቀመጥኩ። አርጅተዋል፤ ሹራቡ ሰፍቷቸዋል፤ ትኩስ ውሃው ግን እጃቸው ላይ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አለቀስኩም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም።

"ከታች ወደ ላይ አንብበሽዋል?" አሉኝ።

"አላነበብኩም።"

"ሽፋኑ ላይስ ምን ጽፈሻል?"

"የእናቱ ዓይን።"

"እሱን አታጥፊው። ኬዙ ተዘግቷል ብለሽ ሣጥን ውስጥ እንዳትከቺው፤ ጠረጴዛሽ ላይ ይሁን። አሁን ሥራሽ እሱን መጠበቅ ነው።" ከዚያ ስለ ልጄ ጠየቁኝ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት አረፉ፤ የካሳሁንን መጨረሻ ሳልነግራቸው መቅረቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

ካሳሁን በየሦስት ወሩ ቢሮ ይመጣ ነበር። ምንም የሚሠራለት ነገር የለም፤ ዝም ብለን ቀን እንቆጥራለን። አንድ ጊዜ ተቀምጠን ሳለ እናቱ በስልክ ደወሉ። ስፒከር ላይ አደረገው።

"ለምንድን ነው የማትመጣው? ቁርጡን ንገረኝ" ይላሉ እማማ የሺ። "የጎረቤት ልጅ ሁለቴ መጥቶ ተመለሰ።"

"ወረቀት ነው እማዬ፣ ወረቀት።"

"የምን ወረቀት ነው ሰው የሚያስር?"

ካሳሁንም፣ "የሚረዱኝ ሴትዮ እዚህ አሉ፣ ያነጋግሩሽ" ብሎ ስልኩን ወደ እኔ ገፋው፤ በሌላ እጁ ደግሞ "እንዳይነግሩብኝ" ብሎ ምልክት ሰጠኝ። እንደሱ ላለ ሰው፣ ለደሴ እናት "ልጅዎ ሐሺሽ ተገኝቶበት ነው" ማስባል ሞት ነው። መድኃኒት ነው ብትል ማን ይሰማሃል።

"እማማ፣ እንደምን አሉ? አሰለፈች እባላለሁ።"

"አንቺ የመንግሥት ሰው ነሽ?"

"አይ እማማ፣ ጠበቃ ቢሮ ነው የምሠራው።"

"ጠበቃ?" አሉ። "ልጄ ጠበቃ የያዘው ምን አጥፍቶ ነው?"

"ትንሽ ነገር ናት እማማ። አምስት ዓመት ከአገር ሳይወጣ፣ ስሙን ንጹሕ አድርጎ ከቆየ ያልፍለታል። እርስዎ አይጨነቁ።"

"ለትንሽ ነገር አምስት ዓመት?"

ዝም አልኩ። ካሳሁንም መሬት መሬቱን ያያል።

"በቃ፣ ገባኝ" አሉ እማማ የሺ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "እግዜር ይርዳው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ለምን አትመጣም ብለው ጠይቀውት አያውቁም። ሁለታችንም እፎይ አልን፤ ነገሩን በልዝብ ቃል ያለፍኩት መስሎኝ በራሴም ትንሽ ኮራሁ።

የእኔ ሥራም ከዚያ ወዲህ ተለወጠ። ለማመልከት የሚመጣን ሰው ሁሉ፣ ዲያቆንም ይሁን አያት፣ ስለዚህ ነገር ሳልጠይቅ ወደ ካረን አላሳልፍም። ሜሪላንድ ለመዝናኛም ስትፈቅድ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሽ እንድናገር ለመንኩ። ካረን የምለውን አንድ በአንድ አይታ አጸደቀችልኝ፤ አንዲት ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ገና አፌን ስከፍት አንድ ሽማግሌ ተነሱ።

"በእግዚአብሔር ቤት ስለ ሐሺሽ ልታስተምሪን ነው?"

"አይደለም አባቴ። ስለ ሐሺሽ ልጆቻችን ያውቃሉ። እኔ የማስተምረው ስለ ወረቀት ነው።"

አዳራሹ ሳቀ፤ ጥያቄ ያለው ስል ግን አንድም እጅ አልወጣም። ፓርኪንግ ውስጥ ነው ነገሩ የፈነዳው። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ይጠጋኛል፤ ሁሉም "ለጓደኛዬ ነው" የሚል። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ጎትተው ወሰዱኝ።

"ልጄ ለጉልበቴ ከረሜላ ትገዛልኛለች። ቫይታሚን ነው ብላኛለች።"

"ታዲያ ጥሩ ነው እማማ።"

"ስበላው ያስቀኛል።"

"ያስቅዎታል?"

"ብቻዬን። ቴሌቪዥኑም ሳይከፈት።"

ኢንተርቪዋቸው በሚቀጥለው ወር ነበር። በማግስቱ ካረን ፊት አስቀመጥኳቸው፤ ሳያውቁ የበሉት እንደሆነና ልጅቷ ምን እንዳለቻቸው ሁሉ በዝርዝር ተጻፈ፣ ካረንም ራሷ ይዛቸው ገባች። አልፈው ወጡ። ለካሳሁን ያልሆነው ለእሳቸው ሲሆን ደስም አለኝ፣ አንጀቴም ተቃጠለ።

ለካሳሁን እነዚያ ዓመታት ቀላል አልነበሩም። አረንጓዴ መስቀል የለጠፈ የሐሺሽ ሱቅ ከሚኖርበት ሕንጻ ሥር ተከፈተ። ጎረቤቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰልፈው ይገዛሉ፤ እሱ ወገቡን ይዞ በማዶ ያልፋል። ፊዚካል ቴራፒ፣ ዋና፣ ኢቡፕሮፌን፣ የማይሞክረው አልነበረም። ሥራ ቦታ ልደት ሲከበር ውስጡ ምን እንደገባበት አያውቅምና ኬኩን አይነካም። አንዳንድ ሌሊት ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሚያነጋ ነግሮኛል። በአራተኛው ዓመት የእናቱ የግራ ዓይን ጠፋ። በስልክ የነገሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ "አንዱ አለ፣ እሱ ይበቃኛል" ብለው።

እኔ ያን ጊዜ ጡረታ መውጣት እችል ነበር። ልጄ በቃሽ ትለኛለች፤ ጉልበቴም በቃሽ ይለኛል። ፋይሉ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

አምስት ዓመቱ ሞልቶ፣ ካረን ለጥንቃቄ ብላ ጥቂት ወራት ከጨመረች በኋላ አመለከትን። ዘንድሮ ምንም አልተደበቀም፣ ምንም ትርፍም አልገባም። መቼ እንደጀመረ፣ ለምን እንደጀመረ፣ መቼ እንዳቆመ በአንድ ገጽ ተጻፈ፤ ካርዷ እንደተመለሰች የሚያሳይ ወረቀትና የሐኪሙ ደብዳቤ ተያያዙ። ፋይሉን ከመጨረሻው ገጽ ወደ መጀመሪያው ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መዳፌ ላይ ሳደርገው ቀለለኝ።

ባልቲሞር አብሬያቸው ሄድኩ። ካሳሁንና ካረን ገቡ፣ እኔ መጠበቂያው አዳራሽ ቀረሁ። ለመጸለይ ሞከርኩ፤ ጸሎቱ ግን መሃል ላይ ይጠፋኛል። ከእኛ በኋላ የተጠሩ ሰዎች ወጥተው ሄዱ። አርባ ደቂቃ አለፈ፣ ሃምሳ አለፈ። በሩ ሲከፈት ካሳሁን ነበር። ሳያየኝ በጎኔ አልፎ መጸዳጃ ቤት ገባ። ወንበሩን ያዝኩ። ካረን ከኋላ መጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል።

"አለፈ አሲ። መሐላው ዛሬውኑ ነው።"

የያዝኩት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ደስታ ብዬ ልጠራው አልችልም፤ ዓመታት ሙሉ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር እዚያ አዳራሽ ውስጥ ወረደልኝ፣ እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። ካሳሁን ፊቱን ታጥቦ ሲመጣ የመሐላውን ወረቀት ይዞ ቆመ፤ "እትዬ፣ ትኬት የት ነው የሚቆረጠው?" ነው ያለኝ፣ ሌላ ምንም አላለም።

ፓስፖርቱ በደረሰው ሳምንት በረረ። እኔም በዚያው ወር ሥራ እንደምለቅ ለካረን አስታወቅኩና ከላይ የነገርኳችሁ አርብ መጣ። ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጀመሪያው የጡረታ ቀኔ ላይ፣ አልጋዬ ውስጥ እያለሁ ስልኬ ጮኸ። ቪዲዮ ነው። ካሳሁንና እናቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እማማ የሺ ጠይም፣ ፈርጠም ያሉ ሴት ናቸው። በደህናው ዓይናቸው ሊያዩኝ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተውታል።

"አሰለፈች ማለት አንቺ ነሽ?"

"አዎ እማማ። እንኳን ለዚህ አበቃዎት።"

"ልጄ ትናንት ሁሉን ነገረኝ። ካርዱንም፣ ጠብታውንም።" ተቆጥተው እንደሆነ ፊታቸው ላይ ማንበብ አልቻልኩም። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ። "ቆይ። አንድ ነገር ከአንቺ አፍ ልስማ። የሞተ ሰው የለም?"

"ምን አሉኝ እማማ?"

"በመኪናው የገጨው ሰው የለም ወይ?"

"በማርያም! የለም እማማ። ከየት አመጡት?"

"አንቺው አይደለሽም ወይ? ልጄ ሾፌር። ጠበቃ ይዟል። አምስት ዓመት ከአገር አይወጣም። ስጠይቅሽ ዝም አልሽኝ። ሰው ገድሎ ካልሆነ ምን ይሁን? ከዚያች ቀን ጀምሮ ወር በገባ ቁጥር ለዚያ ሰው ጧፍ አበራለሁ። ቄሱ 'የሟቹን ስም ንገሪኝ' ቢሉኝ 'እግዜር ያውቀዋል' አልኳቸው። እናቱንም እያሰብኩ አለቅስላት ነበር፣ የዚያን ሰው እናት።"

ያን ሁሉ ዓመት ከነውር ያተረፍናቸው መስሎን የሰው ደም አሸክመናቸው ነበር።

"ይቅር ይበሉኝ እማማ። ማንም አልሞተም።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ አለቀሱ ብዬ ስደነግጥ ነጠላው ወረደ፣ ለካ እየሳቁ ነው፤ እንባውም አብሮ ይወርዳል።

"ተመስገን" አሉ። "ጧፉም ይሁን፤ አስታዋሽ ያጣ አንድ ሙት አግኝቶታል።"

ካሳሁን ከጎናቸው ወገቡን ይዞ ይስቅ ነበር።